ስለ ግሥ ጊዜ ስሕተትና ስለ ሳቃችን

በአንድ የታሪክ ትምህርት ሰዓት የሆነውን ነገር ብዙዎቻችን አንረሳውም። ትምህርቱ ስለ ዓድዋ ጦርነት ነበር። መምህሩ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ድል ካደረጉ በኋላ መረብን ተሻግረው ወደ አስመራ ያልገፉበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከወደ ኋላ ከተቀመጡት አንዱ ጓደኛችን እጁን አነሣና በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረ። «ሂ ዲድ ኖት ዌንት ቱ አስመራ፣ ቢኮዝ...» እንዳለ ከመካከላችን አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ጥቂት ቆይቶም ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ስቀናል። ጓደኛችን ቃሉን ሳይፈጽም ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስ በዚያ ክፍል እጁን ሲያነሣ አላየነውም።

ማታ በመኝታ ቤት አግኝተን ሊል የፈለገውን በአማርኛ ጠየቅነው። የሠራዊቱ ስንቅ ማለቁን፣ አገሩ ያን ያህል ጦር ሊመግብ አለመቻሉን፣ ሰዉና ከብቱ መድከሙን፣ ከኢጣሊያም አዲስ ጦር እየተላከ መሆኑን አንድ በአንድ ዘረዘረልን። በዚያ ክፍል ከነበርነው ሁሉ ጥያቄውን አስቦ የመጣ እርሱ ብቻ ነበር ለማለት እንደፍራለን። ነገር ግን ከ«ቢኮዝ» በኋላ የነበረውን ማንም አልሰማም። ስለ አንድ «ዌንት» ብለን የታሪኩን ምክንያት ሳንሰማ ቀረን።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው። ስለ ግሥ ጊዜ ስሕተት መናገር የሰዋስው መምህር ሥራ እንጂ የተማሪ ሥራ አይመስልም ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ በየክፍሉ አንደበት የሚዘጋና በየፈተናው ነጥብ የሚያስቀንስ ሆኖ ስላገኘነው የሁላችንም ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። አንባቢያችን እንዲያውቅልን የምንፈልገው፣ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በራሳችን ፊደል መጻፋችንን ነው፤ ድምፁን አሰምቶ ያነበበው ሰው ወዲያው ይለየዋል።

በዚህ ነገር ላይ በግቢያችን ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። አንዱ ወገን «እንግሊዝኛ የሰው ቋንቋ ነው፤ ሐሳቡ ከተሰማ ዘንድ ‹ጎ› ሆነ ‹ዌንት› ሆነ ምን ቸገረን?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «12 ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ‹ዲድ ኖት ዌንት› የሚል ሰው በዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል?» ይላል። የመጀመሪያው ቸልተኛ ነው፤ ሁለተኛው ትዕቢተኛ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ እንደሚከተለውም እናስረዳለን።

አስቀድመን ለቸልተኛው እንመልስለት። የግሥ ጊዜ ጌጥ ቢሆን ኖሮ እኛም «ተውት» ባልን ነበር። ነገር ግን ጊዜው ሲሳሳት ነገሩ ራሱ ይሳሳታል። አንድ ምሳሌ ከታሪካችን እንውሰድ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር የተነሡት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አሁን አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ዌን ዘ ኢታሊያንስ ኢንተርድ አዲስ አበባ፣ ዘ ኤምፐረር ሌፍት» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው ጠላት ሲገባ ንጉሡ በዚያው ሰዓት ተነሥተው ሄዱ ብሎ ነው። «ዘ ኤምፐረር ሃድ ሌፍት» ቢል ግን ቀደም ብለው ሄደው ነበር ማለት ይሆናል። በሁለቱ መካከል የሦስት ቀን ልዩነት አለ፤ በእነዚያም ሦስት ቀናት ከተማይቱ ያለ መንግሥት ሆና ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለች። ይህን ሁሉ ታሪክ የያዘችው «ሃድ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል ናት። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ «ሃድ ብትኖር ባትኖር ምን ቸገረኝ» ሊል ይችላልን?

የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን «ይህ የእናንተ የታሪክ ተማሪዎች ነገር ነው» እንዳይሉን ለእነርሱም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በአሁን ጊዜ፣ «ዋተር ቦይልስ» ተብሎ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ተማሪው በዚያን ቀን በላቦራቶሪ ያየውን ሲጽፍ «ዘ ዋተር ቦይልድ» ማለት አለበት። «ቦይልስ» ሕግ ነው፤ «ቦይልድ» የዓይን ምስክርነት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው፣ አንድ ቀን ያየውን ለዓለም ሁሉ ሕግ አድርጎ ይጽፋል፤ ወይም ሕጉን እንደ አንድ ቀን ወሬ ያወራዋል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ሳቂው እንመለስ። ሳቂው ስሕተታችን የስንፍና ወይም የድንቁርና ምልክት ነው ብሎ ያስባል። እኛ ግን የራሳችንንና የጓደኞቻችንን የታረሙ ወረቀቶች ሰብስበን ስናያቸው ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። ስሕተቱ ሥርዓት አለው። እንደ ተበተነ ጠጠር በዘፈቀደ የወደቀ ሳይሆን፣ ሁላችንም በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት እንሳሳታለን። ምክንያቱም ከአንድ ቤት ስለ ወጣን ነው። ያ ቤት አማርኛችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። በአገራችን አፉን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የፈታ ጓደኛ ብዙ ነው። እኛ የምንናገረው ስለምናውቀው ስለ አማርኛ ነው። እነዚህ ጓደኞቻችንም የየራሳቸውን ቋንቋ እንዲሁ መርምረው በዚሁ መጽሔት ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

የአማርኛ ግሥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ?» ብሎ አይደለም። «አለቀ ወይስ አላለቀ?» ብሎ ነው። ነገሩ የቈየ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያወርድ «ቀተለ ገደለ፤ ይቀትል ይገድላል፤ ይቅትል ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል ይግደል» ይላል። በዚህ ውስጥ ለተፈጸመው አንድ፣ ላልተፈጸመው አንድ መልክ አለ። «ይመጣል» ስንል ዘወትር ይመጣል ማለትም ነው፤ ነገ ይመጣል ማለትም ነው። የሚለየው «ዘወትር» ወይም «ነገ» የሚለው ቃል ነው እንጂ ግሡ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን በዚህ አይጠግብም፤ «ከምስ» እና «ዊል ከም» ብሎ ግሡ ራሱ እንዲለያይ ግድ ይላል።

ደግሞ ያለቀ የምንለው ነገር ሁሉ በእውነት ያለቀ አይደለም። በሻይ ቤት አስተናጋጁን ብትጠሩት «መጣሁ!» ይላችኋል፤ ገና ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። በስልክ «የት ደረስክ?» ስትሉት «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚል ጓደኛ ገና ካልሲውን እያጠለቀ ነው። እርሱ አልዋሸም። መምጣቱ ቁርጥ መሆኑን ሊነግራችሁ ፈልጎ፣ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ተናገረ። አማርኛ ይህን ይፈቅድለታል። እንግሊዝኛ ግን «አይ ኬም» ብሎ ከቆመበት ያልተንቀሳቀሰን ሰው አያውቅም፤ «አይ አም ካሚንግ» በል ይለዋል።

አሁን ስሕተቶቻችንን ከነምንጫቸው አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛው ጓደኛችንን ያሳፈረው «ዲድ ኖት ዌንት» ነው። አማርኛ ኃላፊውን ግሥ ሲያፈርስ ግሡን አይነካውም። «ሄደ» የነበረው «አልሄደም» ይሆናል፤ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ተጨመረ እንጂ «ሄደ» በመካከል እንዳለ ነው። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪው «ዌንት» ን እንዳለ ትቶ ከፊቱ ማፍረሻውን «ዲድ ኖት» ማስቀመጡ ከቋንቋው የተማረውን መከተሉ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ኃላፊነቱን «ዲድ» ተሸክሞታልና ግሡ ባዶውን መቆም አለበት፤ «ሂ ዲድ ኖት ጎ»። አንዱን ጭነት በሁለት አህያ ላይ ደግመን አንጭንም። በጥያቄም እንዲሁ ነው፤ «ዲድ ሂ ዌንት?» ሳይሆን «ዲድ ሂ ጎ?» ነው።

ሁለተኛው «ገባኝ» ነው። መምህሩ አስረድተው ሲጨርሱ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ይላሉ፤ እኛም በአንድ ድምፅ «የስ፣ ዊ አንደርስቱድ» እንላለን። በአማርኛ «ገባን» በኃላፊ መልክ ነውና። ነገሩ ወደ ልባችን ገብቷል፤ አሁንም በዚያው አለ። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን «ዊ አንደርስቱድ» ማለት ያን ጊዜ ገብቶን ነበር ማለት ነው፤ አሁን ግን ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። «ዊ አንደርስታንድ» ማለት ይገባል። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ» የሚሉት ሁሉ የዚሁ ወንድሞች ናቸው። አሁን የደከመው ሰው «አይ ወዝ ታየርድ» ካለ፣ ሰሚው «እንኳን አሁን ተሻለህ» ብሎ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። እንዲሁም «ተኝቷል» ለማለት «ሂ ሃዝ ስሌፕት»፣ «ኮት ለብሷል» ለማለት «ሂ ሃዝ ዎርን ኤ ኮት» እንላለን። አማርኛ መልበሱ ተፈጽሞ አሁን ለባሽ ሆኖ መቆሙን ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን አሁን ያለበትን ብቻ ስለሚመለከት «ሂ ኢዝ አስሊፕ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት» ይላል።

ሦስተኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚባለውና ሁላችንም የምንፈራው ነው። በአማርኛ «ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ኢጣሊያን ድል አድርገዋል» ብንል ምንም ነውር የለበትም። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «ምኒልክ ሃዝ ዲፊትድ ዘ ኢታሊያንስ ኢን 1896» እንጽፋለን፤ ቀይ ቀለምም ይወርድበታል። ደንቡ ሲነገር ቀላል ነው። ቀኑ ወይም ዓመቱ ከተጠራ፣ «የስተርደይ» ወይም «ላስት ይር» ከተባለ በሩ ተዘግቷል፤ «ሃቭ» እና «ሃዝ» አይገቡም፤ «ዲፊትድ» ብቻ ይበቃል። «ሃቭ» የሚገባው ጊዜው እስከ አሁን ክፍት ሲሆን ነው። «በዚህ ግቢ መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ» የሚለው ክፍት ነው፤ አሁንም እዚሁ አለሁና። ይህን ግን «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» እያልን እናበላሸዋለን። ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ነው። «ሲንስ» መነሻውን ዓመት ይፈልጋል፤ «ፎር» የዓመቱን ቁጥር ይፈልጋል።

በማፍረስ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አማርኛ ሲያጸድቅ «መጣ» እና «መጥቷል» ብሎ ይለያል፤ ሲያፈርስ ግን ሁለቱንም «አልመጣም» ብሎ ያጠቃልላቸዋል። ስለዚህ «ዲድ ኖት ከም» እና «ሃዝ ኖት ከም» ለእኛ አንድ ይመስሉናል። ለእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ነገሩ አለቀ፣ ተስፋ የለም ሲል፣ ሁለተኛው እስከ አሁን አልመጣም፣ ገና ሊመጣ ይችላል ይላል። «አልመጣም» በጽሕፈት ሌላም ጉድ አለው። በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት «አልመጣም» የሚል ብናነብ፣ «እርሱ አልመጣም» ይሁን ወይስ «እኔ አልመጣም» ይሁን ፊደሉ አይነግረንም፤ የሚለየው ሲነገር የ«ጣ» መጥበቅና መላላት ነው። የገዛ ቋንቋችን እንዲህ ከሆነ በሰው ቋንቋ መደናገራችን ምን ያስደንቃል?

አራተኛው የተረት አነጋገራችን ነው። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» እንላለን። አራት ግሥ አለ፤ ጊዜውን የሚናገረው ግን የመጨረሻው «ሄደ» ብቻ ነው። ሦስቱ እርሱን ተደግፈው ይቆማሉ። አንድ ተማሪ ይህን ልማድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ሂ ጌት አፕ፣ ዎሽ ሂዝ ፌስ፣ ኢት ሂዝ ብሬክፋስት ኤንድ ዌንት ቱ ስኩል» ብሎ ይጽፋል። መምህሩም «ጊዜ ያደባልቃል» ብለው ያርሙታል። አላደባለቀም፤ የመጨረሻው ግሥ ለሁሉም ይበቃል ብሎ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ የየራሱን ጊዜ ይሸከማል፤ «ጎት»፣ «ዎሽድ»፣ «ኤት»፣ «ዌንት»።

አምስተኛው የሰውን ቃል ስናወራ ነው። አማርኛ የሰውን ቃል እንደ አፉ ያቀርባል፤ «እመጣለሁ አለ» እንላለን። ሰውየው ራሱ በፊታችን ቆሞ የተናገረ ያህል ነው። ይህን ቃል በቃል ስናሻግረው «ሂ ሴድ አይ ዊል ከም» ይሆናል፤ ሰሚው የምትመጡት እናንተ ናችሁ ብሎ ወንበር ያዘጋጅላችኋል። እንግሊዝኛ «እኔ» የነበረውን ወደ «እርሱ» ይመልሰዋል፤ «ዊል» የነበረውንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም»።

ስድስተኛው «ከ» እና «ቢ» ናቸው። «ከመጣ እነግረዋለሁ» ስንል ሰውየው ገና አልመጣም፤ ግሡ ግን «መጣ» ነው። ስለዚህ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» እንላለን። በእንግሊዝኛ እንዲህ ላለው ነገር የአሁኑ ጊዜ ይበቃል፤ «ኢፍ ሂ ከምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። ነገሩ አልፎ የሚያስቆጭ ሲሆን፣ «ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር» ስንል ግን «ኢፍ ሂ ሃድ ከም፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» ይሆናል።

ስድስቱን እንዲህ ከዘረዘርን ዘንድ፣ ሳቂው ጓደኛችን በምን እንደ ሳቀ ይመልከተው። የሳቀው የራሱን አማርኛ ሰምቶ ነው። እርሱም ቢሆን ከእነዚህ ከስድስቱ ሳይወድቅበት የቀረ አንድ እንኳ ካለ ይንገረንና እናመስግነው። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ ወደ አገራችን የገባው በአንድ አፍ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ያቋቋሙት የካናዳ ኢየሱሳውያን ካህናት አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሕንድና የእንግሊዝ መምህራን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች አስተምረዋል። እንግሊዛዊው «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢትን» በሚልበት ቦታ አሜሪካዊው «አይ ኦልሬዲ ኤት» ቢል ማንም አይስቅበትም። ባለቤቶቹ እንኳ ያልተስማሙበትን ነገር አንድ ተማሪ ቆሞ ሲናገር ቢያዛባው ያን ያህል ሊያስቀን አይገባም ነበር።

ይህን ስንል ስሕተቱ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። ምንጩ የታወቀ ስሕተት ይታረማል። እኛ በራሳችን ወረቀት ላይ ሞክረን የጠቀመንን ዘዴ እንናገር። ጽሑፋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ወዲያው አታስረክቡ። መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። ሁለተኛ፣ ጊዜ የሚያመለክቱትን ቃላት፣ «የስተርደይ»፣ «ሲንስ»፣ «ናው»፣ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ክበቡ፤ ከተሰመረበት ግሥ ጋራ ይስማሙ እንደ ሆነ እዩ። ሦስተኛ፣ «ዲድ» ባለበት ሁሉ ቀጥሎ ያለው ግሥ ባዶውን መቆሙን አረጋግጡ። አራተኛ፣ አንቀጹ በኃላፊ ጊዜ ከተጀመረ ያለ ምክንያት ከዚያ አትውጡ። አምስተኛ፣ የተጠራጠራችሁበትን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሱትና «ይህን ያልኩት አማርኛዬ ብሎኝ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎን» ነው።

እስቲ አብረን እንሞክር። «ላስት ይር አይ ሃቭ ሬድ ኤ ቡክ አባውት ዓድዋ። ዘ ራይተር ሴስ ዛት ዘ ባትል ቢጊንስ ኢን ዘ ሞርኒንግ። አይ ዲድ ኖት ኒው ዚስ ቢፎር። ናው አይ አንደርስቱድ ኢት።» በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ላስት ይር» በሩን ስለ ዘጋው «ሃቭ» ይውጣ። በሁለተኛው «ሴስ» ይቆይ፤ መጽሐፉ ዛሬም በተከፈተ ቁጥር ይናገራልና። ጦርነቱ ግን በ1888 ዓ.ም. አልቋልና «ቢጊንስ» ወደ «ቢጋን» ይለወጥ። በሦስተኛው «ዲድ» ስላለ «ኒው» የነበረው «ኖው» ይሁን። በአራተኛው «ናው» እያለ «አንደርስቱድ» አይስማማም፤ «አንደርስታንድ» ይሁን። አራት እርማት ነው፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀም። ከአራቱም አንዱ እንኳ የጸሐፊውን አእምሮ ማነስ አያሳይም።

ለመምህሮቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። ቀይ ክብ ብቻ የተደረገበት ወረቀት ስሕተት መኖሩን ይነግረናል እንጂ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ አይነግረንም። በክቡ አጠገብ አንዲት ቃል፣ «ዓመቱን ጠርተሃል» ወይም «ዲድ አለ» የምትል ቢጨምሩልን፣ በሚቀጥለው ወረቀት ያው ስሕተት አይደገምም ነበር። ደግሞም በክፍል ውስጥ ተማሪ ሲናገር ሐሳቡ እስኪፈጸም ታግሠው፣ አስቀድመው ለሐሳቡ መልስ ሰጥተው፣ ግሡን በኋላ ቢያርሙለት የሚናገረው ሰው ይበዛል። የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወስኗል። ይህ ውሳኔ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ውሳኔው እስካለ ድረስ ግን አንድ ተማሪ በባዕድ ቋንቋ የሚያስበውን ለመናገር ሁለት ጊዜ እንደሚደክም መታወቅ አለበት።

የተማሪዎች ኅብረታችንም ቢሆን ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። በሳምንት አንድ ማታ በንባብ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ ተለይቶ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የአንደኛ ዓመት ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን ወረቀት ከመረከቡ በፊት ቢመለከቱላቸው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድ ብቻ ይበቃል። እኛም ሁለት ሁለት እየሆንን ወረቀት ብንለዋወጥ የራሳችን ዓይን ያለፈውን የጓደኛችን ዓይን ይይዘዋል። የሰው ስሕተት ቶሎ የመታየቱን ነገር ለሳቅ ከምናውለው ለዚህ ብናውለው ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሳቃችንን እንተው። ያን ዕለት የሳቅነው እኛ ነን፤ ማንንም ለመክሰስ አፍ የለንም። ያ ጓደኛችን ዛሬም ከእኛው ጋራ ይማራል፤ ዛሬም ከኋላ ይቀመጣል። በሚመጣው ሴሚስተር የታሪክ ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ እጃችንን የምናነሣው እኛ እንሆናለን፤ ብንሳሳትም ቆመን እንጨርሳለን። እርሱም ደግሞ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ፣ ከ«ቢኮዝ» በኋላ ያለውን እስከ መጨረሻው ልንሰማው ቃል እንገባለን። እናንተስ?